ሦስት ሰው አንድ አሻንጉሊት ይዞ ለምን አይደበቅም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ጃፓን የአሻንጉሊት ቲያትር ሁለት አንቀጽ ብቻ ጽፌ ነበር። ብዙ ደብዳቤ መጣ፤ አብዛኛው ከዚሁ ከሐዋሳ። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም የሌሎቹም መልስ ግማሹ እሱ ውስጥ አለ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰላም ለአዘጋጇ። ታቦር ተራራ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ አስተባብራለሁ። ቡንራኩ የሚባለውን ቲያትር በስልኬ አየሁት። አንዲትን የሴት አሻንጉሊት ሦስት ወንዶች ከበው ይዘዋታል። ሁለቱ ፊታቸውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነዋል፣ አንደኛው ግን ፊቱን ገልጦ ቆሟል። ለተማሪዎቼ ሳሳያቸው "ቲቸር፣ ሰዎቹ እየታዩ እንዴት ይታመናል?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ለምን አይደበቁም? እኛስ ለዓመቱ መዝጊያ እንዲህ ያለ ነገር መሞከር እንችላለን? (መምህር፣ ከሐዋሳ)

መምህር፣ ልጆቹ ጥሩ ነገር ነው የጠየቁት። እኔም መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዓይኔ የሄደው ወደ ሰዎቹ ነበር። ጥቁር ለባሾቹ ሲንቀሳቀሱ ዓይኔ ይከተላቸዋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ሴትየዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ በሩ ስታይ እኔም በሩን አየሁ። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ የት እንደገቡ አላውቅም። እዚያው ነበሩ እኮ!

አንዱ ምክንያት ሥራው ራሱ ነው። አሻንጉሊቱ ትልቅ ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፣ የጦረኛ ልብስ የለበሰው ደግሞ ክብደቱ 10 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። በክር ከላይ የሚንጠለጠል ዓይነት አይደለም፤ ሰዎቹ አጠገቡ ቆመው በእጃቸው ነው የሚይዙት። ዋናው ሰው ግራ እጁን በጀርባው ቀዳዳ አስገብቶ የጭንቅላቱን እጀታ ይጨብጣል፣ በቀኝ እጁ የአሻንጉሊቱን ቀኝ እጅ ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው የግራ እጁን ብቻ ይይዛል። ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ እግሩን ብቻ። ድሮ አንድ ሰው ብቻውን ነበር የሚይዘው፤ ለአንድ አሻንጉሊት ሦስት ሰው የተመደበው ኦሳካ ከተማ ውስጥ በ1734 ነው። ጣት መታጠፍ፣ ቅንድብ መነሳት፣ ዓይን መዞር የቻለውም በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ መሥራት አይቻልም።

ሁለተኛው ምክንያት ስምምነት ነው። በጃፓን ቲያትር ጥቁር የለበሰ ሰው መድረክ ላይ ቢታይም "የለም" ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ተመልካቹ ይህን ያውቃል፣ ያከብራል። ዋናው ሰው ፊቱን የሚገልጠው ደግሞ የሕዝቡ ፍቅር ስላለበት ነው፤ ሰው የሚወደውን ባለሙያ ማየት ይፈልጋላ። ግን ፊቱን ልብ ብለው ይዩት። አሻንጉሊቷ እያለቀሰች እሱ አያለቅስም፣ ስትስቅ አይስቅም። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ስሜቱን ሁሉ እጁ ላይ አሳልፎ ለእሷ ሰጥቷታል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ሦስቱ የሚግባቡበት መንገድ ነው። አያወሩም፣ አይጠቃቀሱም። ምልክቱ የዋናው ሰው ትከሻና የአሻንጉሊቱ አንገት ላይ ነው። እግር የያዘው ሰው ምንም አያይም ማለት ይቻላል፣ ጎንበስ እንዳለ ነው፤ ስለዚህ ክንዱን የዋናው ሰው ወገብ ላይ ያስነካል። ወገቡ ወደየት እንዳዘነበለ ይሰማዋል፣ በዚያው እግሩን ያራምዳል። ይህን ለመማር ስንት ጊዜ ይፈጃል ካሉ፣ "እግር 10 ዓመት፣ ግራ እጅ 10 ዓመት" ይባላል። ጭንቅላቱን መያዝ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዜማ ቤት ገብቶ ድጓ ለመዝለቅ ስንት ዓመት እንደሚጠይቅ ለምናውቅ ሰዎች ይህ አይከብደንም። የሴት አሻንጉሊት በመያዝ ስሙ የገነነው ዮሺዳ ሚኖሱኬ (በዚህ ስም ከተጠሩት ሦስተኛው) ወደ ሙያው የገባው ገና ሕፃን ሳለ በ1940 ነው። በ1998 በጭንቅላት ደም መፍሰስ ታመመ፣ ግን ተመልሶ መድረክ ላይ ቆመ። ጡረታ የወጣው በ2021፣ ወደ 88 ዓመት ሲጠጋ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ክበብ። እንዲያው በወሬ እንዳይቀር ብዬ ባለፈው ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ ሞከርኩት። የጎረቤት ልጆች፣ ሦስት ሆነው መጡ። ለጭንቅላት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ ለሰውነት የተጠቀለለ አሮጌ ነጠላ፣ ለእጅ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ካልሲ፣ ለእግር የሕፃን ጫማ። የሰጠኋቸው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ አሻንጉሊቱ ሲኒ አንስቶ ቡና ይጠጣ።

መጀመሪያ ሦስቱም ባንዴ ያወራሉ። "አንሳው!" "ቆይ እንጂ!" "እግሩ የት ሄደ?" አሻንጉሊቱ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳግዶ ወደቀ። ከዚያ ማውራት ከለከልኳቸው። ጭንቅላቱን የያዘችውን ልጅ፣ ከመንቀሳቀስሽ በፊት ትንፋሽ ሳቢ አልኳት፤ እናንተ ደግሞ ትንፋሿን ጠብቁ። አሥር ጊዜ ሳይሞክሩት አልቀሩም። በመጨረሻ ሃይላንዱ ወደ ሲኒው ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ። ቆም አለ። ግራ እጁ መጥቶ ሲኒውን ከሥር ደገፈ። ወደ አፉ አስጠግቶ ወዲያው ራቅ አደረገው፣ እግሩም አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። እናታቸው ገመድ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር። ዞር ብላ አየችና "ውይ፣ አቃጠለው!" አለች። ሲኒው ውስጥ ምንም አልነበረም።

ስለዚህ መልሴ ትችላላችሁ ነው። ግን አደራ፣ በታሪክ አትጀምሩ። መጀመሪያ መቀመጥ፣ መነሳት፣ መራመድ፣ ዞር ብሎ ማየት፤ በዚህ ብቻ ሦስት ሳምንት ይሥሩ። በጣም ጎበዙን ተማሪ እግር ላይ ያድርጉት፣ ምክንያቱም እግሩ ከሳተ አሻንጉሊቱ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ይሆናል። ጃፓኖቹ መድረክ ላይ ከፊት ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር አላቸው፣ የአጥሩ ጫፍ ለአሻንጉሊቱ መሬቱ ነው፤ ሰዎቹ የቆሙበት ወለል ደግሞ ዝቅ ይላል። እናንተ ሁለት የተማሪ ዴስክ ገጥማችሁ ጨርቅ ብትጋርዱበት ያው ነው። አሻንጉሊቱንም በጣም አታተልቁት፣ የልጆቹ ክንድ ይዝላል።

ሰላም ነው? የማታ ተረኛ ነርስ ነኝ። ያንን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ፈልጌ አንድ ትርዒት አየሁ። አንዲት ሴት በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፣ ሰውየው ከሥር ተደብቆ እግሯን ይዞ በአንገቱ ላይ ያስኬደዋል። ቋንቋው አይገባኝም፣ ግን እንባዬ መጣ። ምን እየተባባሉ ነው? ለእንጨትስ ይለቀሳል? (ከሐዋሳ)

እህቴ፣ ያየሽው በጣም የታወቀውን ትዕይንት ነው። ሶኔዛኪ የኦሳካ ሰፈር ነው። እዚያ በ1703 ሁለት ፍቅረኞች አብረው ራሳቸውን አጠፉ። ቺካማጹ ሞንዛኤሞን የሚባለው ጸሐፊ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ታሪኩን ለአሻንጉሊት መድረክ አቀረበው። እኛ ጋ ጎንደር ላይ ታላቁ ኢያሱ ነግሦ የነበረበት ዘመን ነው። ከዚያ በፊት በዚህ መድረክ ይታይ የነበረው የጦረኛና የመኳንንት ታሪክ ነበር። እሱ የሱቅ ሠራተኛና ሴተኛ አዳሪ ይዞ መጣ።

ቶኩቤ በአጎቱ የሶያ ሶስ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። ሊመልሰው የሚገባ ገንዘብ በእጁ ነበር፣ ጓደኛው ለጥቂት ቀን አበድረኝ ብሎ ወሰደው። መመለሻው ሲደርስ ጓደኛ ተብዬው ካደ። ጭራሽ ማኅተሜን አስመስለህ ነው የሠራኸው ብሎ በሰው ፊት አዋረደው፣ አስደበደበው። ቶኩቤ ማታ ወደ ሚወዳት ሴት፣ ወደ ኦሃጹ መጣ። እሷም በልብሷ ጫፍ ጋርዳ በረንዳው ሥር ደበቀችው። ያ ከሃዲ ጓደኛው እዚያው ቤት ገብቶ ተቀምጦ ስሙን እያጠፋ ነው። ኦሃጹ ለራሷ የምታወራ መስላ ትናገራለች፤ ቶኩቤ ከእንግዲህ ከመሞት ሌላ መንገድ የለውም፣ ልቡ ቆርጦ እንደሆን ማወቅ እፈልጋለሁ ትላለች። መልሱን የምትጠይቀው በእግሯ ነው። እሱም ድምፅ ማሰማት ስለማይችል እግሯን ይዞ በጉሮሮው ላይ ያሳልፈዋል። አዎ ማለቱ ነው።

ያቺን እግር ደግሞ ልብ በያት። የሴት አሻንጉሊቶች ባብዛኛው እግር የላቸውም! እግር ያዡ የኪሞኖውን፣ የረጅሙን የጃፓን ልብስ፣ ጫፍ ከውስጥ በጡጫው እየገፋ ነው የሚያራምዳቸው፣ አንቺ ግን እግር ያየሽ ይመስልሻል። ለዚህች አንዲት ትዕይንት ሲባል ነው ለኦሃጹ እግር የሚደረግላት። ያን ሁሉ ጊዜ ከጨርቅ ሥር የተሰወረ ነገር ድንገት ነጭ ሆኖ ሲወጣ አዳራሹ ጸጥ ይላል።

ያስለቀሰሽ ግን እንጨቱ ብቻ አይመስለኝም። ድምፁም ነው። በተመልካች በስተቀኝ ጎን አንዲት የምትሽከረከር ትንሽ መድረክ አለች፣ እዚያ ሁለት ሰው ይቀመጣል። አንዱ ታዩ ይባላል፤ የሴትየዋን፣ የሰውየውን፣ የከሃዲውን፣ የሁሉንም ድምፅ ብቻውን የሚያወጣው እሱ ነው። ታሪኩንም የሚተርከው እሱ። ከመጀመሩ በፊት መጽሐፉን በሁለት እጁ አንስቶ ግንባሩ ላይ ያስጠጋል፣ እኛ መጽሐፍ እንደምንሳለመው። ኃይሉ ከሆድ እንዲወጣ ወገቡን በመቀነት ጥብቅ አድርጎ ያስራል፣ ደረቱ ውስጥም ከባድ ትንሽ ከረጢት ይሸጉጣል። ሌላው ሻሚሴን ይመታል፣ ሦስት ጅማት ያለው፣ ቆዳ የተወጠረበት መሣሪያ። አንዳንዴ ታዩው ዝም ይልና ሻሚሴኑ አንድ ጊዜ ብቻ "ድም" ይላል። ያቺ አንድ ምት በረዶ መሆኗን ወይም ፍርሃት መሆኗን ታውቂዋለሽ፣ ልክ ማሲንቆ በአንድ ጅማት ሆድ እንደሚያባባው።

ለመምህሩም እግረ መንገዴን፣ ይህን ታሪክ ለተማሪ አይውሰዱት። በዘመኑ ትርዒቱን እያዩ እውነተኛ ፍቅረኞች ያንኑ ማድረግ በመጀመራቸው መንግሥት በ1723 የእንዲህ ያሉ ታሪኮችን መታየት ከለከለ። ጥንቸልና ጅብ ይበቃል፤ የአያቶቻችን ተረት ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው።

ልጄ፣ አናጢ ነኝ። የልጅ ልጄ አሻንጉሊት ሥራልኝ ብላ ያንን ጽሑፍ አነበበችልኝ። ጭንቅላቱ ከምን እንጨት ነው? ዓይኑስ እንዴት ይዞራል? የሰው መልክ አስመስዬ ልቅረጸው ወይስ እንዴት? (ከአሞራ ገደል አካባቢ)

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ደስ አለኝ። ጃፓኖቹ ሂኖኪ በሚባል የአገራቸው ጥድ መሰል እንጨት ነው የሚቀርጹት፤ ቀላልና ልም ነው። እርስዎ ዋንዛ ቢያደርጉት ይመቻል ብዬ አስባለሁ። ጭንቅላቱን ከቀረጹ በኋላ ከጆሮ ፊት ለፊት ለሁለት ይሰነጥቁታል፣ ውስጡን ይቦረቡሩታል፣ ዓይንና ቅንድብ የሚያንቀሳቅሰውን ነገር ከውስጥ ገጥመው መልሰው በማጣበቂያ ይዘጉታል። ክሮቹ በአንገቱ እጀታ በኩል ወርደው ከያዡ ጣት ሥር ይደርሳሉ። ክሩ ሲሳብ ዓይኑ ይዞራል፣ ሲለቀቅ ራሱ ይመለሳል። መላሹ ነገር ከዓሣ ነባሪ አፍ የሚወጣ ልምጭ ነው። ከሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ነባሪ ስለማይወጣ እርስዎ ከብስክሌት ካላማዳሪ ቀጭን አድርገው ይቁረጡ፣ ይሠራል።

ሰውነቱ ላይ አይድከሙ። የትከሻ ጣውላ አለ፣ ከዚያ የሚንጠለጠል ጨርቅ፣ ወገቡ ላይ የቀርከሃ ክብ። በቃ። ውስጡ ባዶ ነው፣ እጅና እግሩም በገመድ የተንጠለጠለ ነው። ልብሱን ሰፍቶ የሚያለብሰው ደግሞ አሻንጉሊቱን የሚይዘው ሰው ራሱ ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ልንገርዎ፣ እኔ ካየሁት ሁሉ የምወዳት እሷን ነው። የሴት አሻንጉሊት ከንፈር ጥግ ላይ ቀጭን መርፌ አለች፣ ከሩቅ አትታይም። ሴትየዋ ለቅሶዋን ለማፈን የእጅጌዋን ጫፍ ስትነክስ ጨርቁ እዚያች መርፌ ላይ ይያዛል። ከአዳራሹ ሆኖ የሚያይ ሰው ጥርሷን ያየ ይመስለዋል። ሌላም አለ፤ ቆንጆ ልጃገረድ ሆና ክር ሲሳብ አፏ እስከ ጆሮዋ ተሰንጥቆ ቀንድ የምታወጣ። እሷን ለልጅ ልጅዎ እንኳ አይሥሩላት።

መልኩን በተመለከተ፣ አለማስመሰል ይሻላል። ቺካማጹ የተናገረው በ1738 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል፤ ጥበብ ያለው እውነት በሆነውና እውነት ባልሆነው መካከል ባለች ቀጭን ቦታ ላይ ነው ይላል። ምሳሌ ያመጣል። አንዲት የቤተ መንግሥት እመቤት የምትወደውን ሰው ማግኘት ስላልቻለች ምስሉን አስቀረጸች፣ የቆዳውን ቀዳዳ ሳይቀር። ከሰውየው ጎን ቢቆም ነፍስ አለው የለውም ከማለት በቀር ልዩነት አልነበረውም። ስታየው ግን ፍቅሯ በረደ፣ አስፈራት፣ ብዙም ሳይቆይ አስጣለችው። ስለዚህ ጋሼ፣ ጉንጭ ላይ መስመር አያብዙ። ፊቱን ጸጥ ያለ አድርገው ይተዉት፤ ቀና ሲል የሚስቅ፣ ሲያቀረቅር የሚያዝን ይመስላል። ቀሪውን የልጅ ልጅዎ ትጨርሰዋለች።

እትዬ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በቪዲዮው ሁሉም ወንዶች ናቸው። ሴት አትሠራውም? (ከሐዋሳ)

የኔ እህት፣ ኦሳካ ባለው የቡንራኩ ቡድን ውስጥ አዎ፣ ወንዶች ናቸው። ከ1984 ጀምሮ የራሳቸው ብሔራዊ ቲያትር ቤት አላቸው፣ ዩኔስኮም ይህን ጥበብ በ2008 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ግን ነገሩ ኦሳካ ላይ አያበቃም።

ቡንራኩ የሚለው ስም ራሱ ከአዋጂ ደሴት ወደ ኦሳካ መጥቶ ቲያትር ከከፈተ ኡኤሙራ ቡንራኩከን ከሚባል ሰው የመጣ ነው። አዋጂ እስከ ዛሬ የራሷ የአሻንጉሊት ቲያትር አላት። እዚያ ሴቶች አሻንጉሊት ይይዛሉ፣ ይተርካሉ፣ ሻሚሴን ይመታሉ። ጹሩዛዋ ቶሞጂ የምትባል የአዋጂ ሻሚሴን መቺ በ1998 መንግሥት ከሚያከብራቸው ታላላቅ የጥበብ ባለቤቶች አንዷ ሆና ተሾመች፣ ከ100 ዓመት በላይም ኖራለች። ባለፈው ምዕተ ዓመት ደግሞ አሻንጉሊቱን ሰውነቷ ላይ አስራ አንዲት ሴት ብቻዋን የምታንቀሳቅስበት ሌላ ዓይነት ተፈጥሯል። ሦስት ሰው አያስፈልገውም። እኔ በበኩሌ ሦስቱ አንድ ላይ ሲተነፍሱ ማየት ይበልጥብኛል።

ከምርሽ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኛ ግቢ እንሰባሰባለን፣ ለዝግጅት ክፍሉ ስልክ ደውዪና አድራሻውን ይነግሩሻል። መምህሩም ሁለት ተማሪ ልኬ ላሳያቸው ብሏል። ጭንቅላቱን የያዘችው ልጅ 11 ዓመቷ ነው፣ ቦታዋን የምትለቅ አይመስለኝም። እግር የያዘው ልጅ ግን ኳስ ጀምሮ ቀርቷል። እግሩ ላይ ቦታ አለ።